ጥሩምባ ያልተነፋላት እናቴ

ሰፈራችን ውስጥ የእድር ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ባለቤቴ አንገቱን ይደፋል። ያየው ሰው ለሟቹ ያዘነ ይመስለዋል። እኔ ግን ለምን እንደሚደፋ አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ያውቃል። ነገሩ የጀመረው ከቤት ነው። ቤቱ ጠበበን፣ ሰፋ ያለ እንግዛ ከሚል፣ የትኛውም ባልና ሚስት ከሚያነሳው ወሬ። እናንተም ይህን ወሬ ጀምራችሁ ከሆነ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ያኔ የሦስት ልጆች እናትና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበርኩ። ባለቤቴ ታምራት የሕንፃ ዕቃ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ቁጥር አይስትም፣ ሰው ግን ይስታል። የምንኖረው ሀዋሳ መሃል ከተማ፣ በእናቴ ቤት ነበር። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከወሎ ተዛውሮ በመጣ ጊዜ ያቆመው የጭቃ ቤት ነው፤ ጠባብ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ጓሮ ደግሞ ወጥ ቤት። በአንደኛው መኝታ ቤት እኔና ታምራት እንተኛለን። በሌላኛው እናቴ ከሦስቱ ልጆቼ ጋር ትተኛለች። ትልቋ ልጄ ማህሌት ለአቅመ ሔዋን እየደረሰች ነበርና ልብስ ለመቀየር ወንድሞቿን ማስወጣት ጀምራለች። አያቷን ግን ማስወጣት አልቻለችም። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ "እኔ ዕውር ነኝ፣ ቀይሪ" ትላታለች። እኛም እንስቃለን። ሳቁ ግን እያደር ቀነሰ።

እናቴ ወይዘሮ አስካለ ትባላለች። ስለ እሷ አንድ ነገር ብታውቁ ይበቃል፤ የእድር ሰው ነበረች። ጥሩምባ ከተነፋ ሊጥ የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ትወጣለች። ኦርቶዶክሱንም ጴንጤውንም፣ ወላይታውንም ሲዳማውንም ጉራጌውንም እኩል ቀብራለች። ድንኳን ውስጥ ሽንኩርት የምትልጠው፣ ሐዘንተኛ አጠገብ ሦስት ሌሊት የምታድረው እሷ ናት። ጎረቤቶቿ በባንክ ስለሚያስቀምጡት ሲያወሩ "እኔ ያስቀመጥኩት እድሬ ውስጥ ነው" ትላለች።

አባቴ ሲሞት የእድሩ አባልነት በእሱ ስም ነበርና ስሙ ተሰረዘ። በአንድ ቤት ውስጥ እናቴም እኛም ለየብቻ ለምን መዋጮ እንከፍላለን ተባለና ታምራት አባል ሆነ፤ እናቴ ደግሞ በእሱ ስር "ቤተሰብ" ተብላ ተመዘገበች። ሐሳቡን ያመጣው ታምራት ነው። ማናችንም ክፉ ነገር አልታየንም፤ በየቤቱ የሚደረግ ነው።

አንድ ሐሙስ ደላላው ማቴዎስ ደወለ። ለወራት ቤት ሲያሳየን የከረመ ሰው ነው። ያኔ ሀዋሳ ውስጥ ቤት መግዛት የሚሮጥ ባጃጅ ላይ ለመውጣት እንደመሞከር ነበር። ዋጋ ጠይቃችሁ፣ "እስቲ እንመካከርበት" ብላችሁ ስትመለሱ ሌላ ዋጋ ይጠብቃችኋል። ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ከውጭ የገባው፣ ቡና ሸጦ የተረፈው፣ ሁሉም ሐይቁ አጠገብ ቤት ይፈልጋል። የእኛ ደሞዝ ያለበት ነው ያለው። ተስፋችን አንድ ነበር፤ የእናቴ ቤት። ጭቃ ቢሆንም መሃል ከተማ ያረፈ ነውና ጥሩ ያወጣል። እሱን ሸጠን፣ የቁጠባ ማኅበር ብድር ጨምረንበት ሌላ መግዛት።

"መምህርት፣ ይኼን ካላያችሁ ከእንግዲህ አልደውልም" አለኝ ማቴዎስ። "አራት መኝታ ነው። ሰውየው አዲስ አበባ ሊገባ ስለሆነ ቸኩሏል።"

ከሥራ መልስ ሁላችንም ሄድን፣ እናቴም ጭምር። ቤቱ ወደ ቡሹሎ በሚወስደው በኩል፣ በቅርብ ጊዜ የተሠሩ ግቢዎች መሃል ነው። ማቴዎስ ገና ሳይሸጠው "ቤት ለእምቦሳ!" እያለ በሩን ከፈተ። ሳሎኑ ውስጥ ስናገር ድምፄ ከግድግዳው ተመልሶ መጣልኝ፤ የእናቴን ሳሎን ሁለቱን ይውጣል። ልጆቹ ከክፍል ክፍል ተሯሯጡ። ማህሌት አንዱ መኝታ ቤት ገብታ ከውስጥ ቆለፈች። አንኳኩቼ "ምን ታደርጊያለሽ?" ስላት፣

"ምንም። ብቻዬን ቆሜያለሁ" አለችኝ።

እዚያች ላይ ተሸነፍኩ። ለካ ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ብቻዋን የቆመችበት ክፍል የለም።

እናቴ ወደ መኝታ ቤቶቹ አልገባችም። ግቢው ውስጥ ቆማ ግራና ቀኝ ያለውን አጥር ታያለች። አጥሩ ከቁመቷ በላይ ሄዶ አናቱ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል።

"ጎረቤትዎ ማን ይባላሉ?" አለችው ባለቤቱን።

ሰውየው ፈገግ አለ። "አላውቃቸውም እናቴ። በመኪና ነው የሚገቡት የሚወጡት።"

"እድርስ አላችሁ?"

"አለ፣ አለ። እዚሁ መንደሩ ውስጥ ነው። ምዝገባው በወር አንዴ ነው። ከድሮ እድሩ መሸኛ ይዞ ለሚመጣ የመግቢያው ግማሽ ይቀርለታል።"

እናቴ "ደግ ነው" አለች። ታምራት ግን ያቺን ነገር ጆሮው ላይ አስቀመጣት። የኋላ ኋላ እኔን የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው፤ የጠየቀችው እሷ፣ መልሱን የተጠቀመበት እሱ።

ባለቤቱ ሲሸኘን ቁርጡን ነገረን። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ዋጋውን ሳይከራከር እገዛለሁ ብሎታል፤ ለማቴዎስ ሲል እስከ ረቡዕ ይጠብቀናል። ረቡዕ ቀብድ ካልያዝን ቤቱ የሰውየው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ክርክር ሆነ። አንዴ እኔ "ዕዳው ያስፈራኛል" እላለሁ፣ ታምራት ያደፋፍረኛል። አንዴ እሱ ይፈራል፣ እኔ ማህሌት የቆለፈችው በር ትዝ ይለኝና አደፋፍረዋለሁ። ሁለታችንም የማንደፍረው ግን አንድ ነገር ነበር፤ የምንሸጠው የእናቴን ቤት ነውና እናቴን መጠየቅ። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል አሣ ገዝቼ ምሳ ሠራሁ። ታምራት ለእሷ እሾሁን እያወጣ ሲያቀርብላት ገባት።

"የምትሉትን በሉ እንጂ። አሣውን በከንቱ አታድክሙት" አለች።

ታምራት ጉሮሮውን ጠረገ። "እማማ፣ ያ ቤት... እርስዎ ካልፈቀዱ አይሆንም።"

እናቴ ምግቧን ገፋ አደረገች። ያ ቤት አባቴ ጭቃውን በእግሩ ያቦካው፣ እሷም ውኃ ያቀበለችው ነው።

"ሽጡት" አለች በመጨረሻ። "ለማን ብዬ ነው የማስቀምጠው? ልጅቷ ልብስ መቀየሪያ አጥታ በእኔ ዕውርነት ትኑር?" ከዚያ ወደ ታምራት ዞረች። "አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ ልጄ። ከእድሬ እንዳታወጣኝ። ሩቅ ቢሆንም በባጃጅ እየመጣሁ እቀብራለሁ። እነሱም መጥተው ይቀብሩኛል። ስሜን የማያውቅ ሰው አፈር እንዲያለብሰኝ አልፈልግም።"

"እሺ እማማ" አለ ታምራት።

"ማልልኝ አልልህም። እሺ ካልክ ይበቃኛል።"

"እሺ አልኩ እኮ።"

ይህን ንግግር ከነድምፁ ይዤዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ የቀረው የአሣ እሾህ ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

በማግሥቱ እሁድ የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ነበር። ታምራት ሄዶ ተመለሰ። "እንዴት ነበር?" አልኩት። "እንደወትሮው" አለኝ። ሰኞና ማክሰኞ ለቀብዱ ተሯሯጥን። እናቴ ሰኞ ዕለት ዕቃዋን መለየት ጀመረች፤ የሚሄደውን በአንድ በኩል፣ ለጎረቤት የሚሰጠውን በሌላ በኩል። ማክሰኞ ማታ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ራሷን አመማትና መድኃኒቷን ወስዳ በጊዜ ተኛች።

ረቡዕ ጠዋት ማህሌት በራችንን አንኳኳች። "እማዬ፣ እማማ አልነሳ አለችኝ።"

ገብቼ እጇን ያዝኩት። ቀዝቅዟል። ፊቷ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ ልጅቷ እንድትለብስ ብላ የዞረች ነው የሚመስለው።

ልጮኽ አፌን ከፍቼ ተውኩት። እናቴ ራሷ ያስተማረችኝ ወግ አለ። መጀመሪያ ሬሳው በሥርዓት ይስተካከላል፣ ከዚያ ጥሩምባ ይነፋል፣ ከዚያ ይለቀሳል። ጥሩምባው ሲነፋ ሰፈሩ በሙሉ ነቅሎ ይመጣል፤ ድንኳኑም አግዳሚውም ድስቱም ከእድሩ ቤት ይወጣል፤ ጉድጓዱ ይቆፈራል። ሐዘንተኛው ከማልቀስ በቀር ሥራ የለውም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለሌሎች ያደረገችው ይኼንን ነው። አሁን ተራው የእሷ ነበር።

"ሂድና ለጋሽ ዳንጊሶ ንገረው" አልኩት ታምራትን። ጋሽ ዳንጊሶ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ቤቱ ከእኛ በስተጀርባ ነው።

ታምራት ቆሞ ቀረ። "ብደውልለት አይሻልም?"

"ጓሮ ላለ ሰው ምን ስልክ ያስፈልጋል? ሂድ እንጂ።"

ጫማውን ለማሰር ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሄደ፤ ተመለሰ። "ነገርኩት" አለኝ።

"ምን አለህ?"

"እሺ አለ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ያን ጊዜ ግን ዓይኑን አላየሁትም፤ የማየው የእናቴን እግር ነበር። የጎረቤታችንን እትዬ ብርቄን ጠራኋት። ከእናቴ ጋር ከወጣትነት ጀምሮ ያልተለያዩ ናቸው። እንባዋን ዋጥ አድርጋ ገባች፤ ውኃ አሞቀች፤ አጥበን ገነዝናት። ጨረስንና ቁጭ ብለን ጠበቅን።

ፀሐይ ወጣች። መንገድ ላይ ባጃጆች መጮህ ጀመሩ። ተማሪዎች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው በአጥሩ ሥር አለፉ። ለቅሶዬ ደረቴ ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይጠብቃል።

"ኧረ ጥሩምባው ዘገየሳ" አለች እትዬ ብርቄ።

"ይነፋል" አልኩ።

"ለአስካለማ በሩጫ ነበር የሚነፋው። ምን ነካው ይኼ ሰውዬ?"

ተነሥቼ ወጣሁ። ጋሽ ዳንጊሶ በራፉ ላይ፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጥሩምባው ጉልበቱ ላይ ነው። ሲያየኝ ተነሣና ባርኔጣውን አወለቀ።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ" አለኝ።

"ጋሽ ዳንጊሶ፣ ለምን አልነፉም?"

"ማን ሞተ ብዬ ልንፋ?" አለኝ። "እናንተ እሁድ ወጥታችኋል እኮ።"

"ከምን ነው የወጣነው?"

"ከእድሩ። ባልሽ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ቤት ልንገዛ ነው፣ መሸኛ ስጡኝ አለ። ፈረመ፣ ወሰደ። አሁንም መጥቶ 'ዝም ብለህ ንፋ' አለኝ። ሊቀመንበሩ ሳያዝ እንዴት ብዬ?"

"እናቴስ? እናቴ ውጡልኝ አላለችም።"

"እሷ በእሱ ስር ናት ልጄ። እሱ ሲወጣ እሷም ትወጣለች።" ጥሩምባውን በመዳፉ አሻሸው። "እኔ ነፊ ነኝ። ያለ ትእዛዝ ብነፋ ይኼንንም ይነጥቁኛል።"

ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ወደ ጋሽ ወልዴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ አስፋልት ዳር ትንሽ ሱቅ አለው። ሱቁን እየከፈተ አገኘሁት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሲያየኝ ገባው፤ የያዘውን ቁልፍ አስቀመጠ።

"አስካለ?"

"ጠዋት አረፈች።"

ራሱን ያዘ። አዘነ፣ አልዋሽም። የእሱን ሚስት ሬሳ ያጠበችው እናቴ ናት። ቢሆንም ስለ ጥሩምባው ስነግረው ፊቱ እየተዘጋ ሄደ።

"ልጄ፣ ደንብ ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ ለቆ ሄዶ፣ ወር ሳይሞላው ሰው ሞተበትና መጣ። ከለከልነው። አለቀሰ፣ ከለከልነው። ዛሬ ለአንቺ ብፈቅድ ያ ሰው ነገ በሬ ላይ ይቆማል።"

"እናቴ አንድም ቀን ሳትጎድል ቀብራችኋለች።"

"አውቃለሁ።"

"እርስዎን ራስዎን አስተዛዝናለች።"

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ። ፊርማው ግን የባልሽ ነው። እኔም ጠይቄው ነበር። 'ወይዘሮ አስካለ ያውቃሉ?' አልኩት በሰው ፊት። 'ያውቃሉ' አለኝ።"

ከኋላችን ዳቦ ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። አንደኛዋ ለሌላዋ ቀስ ብላ፣ እኔ ግን እየሰማኋት፣ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለች። ተረቱ እውነት ነው። ግን እናቴ ገና ሳትቀበር ነው የተተረተብኝ።

ስመለስ ታምራት በር ላይ ቆሟል።

"እናቴ እንደምታውቅ ነገርካቸው?" አልኩት።

"ስሚኝ..."

"እናቴ ከእድሬ አታውጣኝ ብላ ስትለምንህ እሺ አልክ። በማግሥቱ ሄደህ አወጣሃት። እንዲህ ነው?"

"ምዝገባው በወር አንዴ ነው አሉ እኮ። መሸኛውን በዚህ ወር ስብሰባ ካላገኘን ለሚቀጥለው ይተላለፋል፤ የመግቢያው ግማሽ ይቀርልናል ብዬ ነው። በወሩ መጨረሻ እዚያ እንመዘገባለን፣ እስከዚያ ምን ይመጣል ብዬ..." አልጨረሰውም። የመጣው ከኋላዬ መኝታ ቤት ውስጥ ተኝቶ ነበር።

እዚያው በፊቴ ወደ አዲሱ መንደር እድር ደወለ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ነበርና ሰማሁ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ግን ገና አልተመዘገባችሁም፤ ቤቱንም አልገዛችሁም እኮ" አለው ሰውየው፣ በትሕትና።

ስለዚህ እናቴ በዚያች ጠዋት የማንም አልነበረችም። ሰፈሩን ሁሉ የቀበረች ሴት በሁለት እድሮች መካከል ወደቀች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ታምራት ድንኳን ሊከራይ ወጣ። በዚያ ሰዓት ያገኘው የሰርግ ድንኳን ብቻ ነበር፤ ውስጡ ሮዝ ጨርቅ በወርቃማ ክር እየተንጠለጠለ። ጨርቁን ለማውረድ ሠራተኞቹ ተጨማሪ ጠየቁ፤ ታምራት ሲከራከራቸው ሰማሁና ወጥቼ "ተወው፣ እንዳለ ይሁን" አልኩት። እናቴን ያለቀስኩላት በሰርግ ድንኳን ውስጥ ነው። ጉድጓድ ቆፋሪም በክፍያ ተገኘ። እትዬ ብርቄ በእግሯ በየበሩ እየዞረች "አስካለ አርፋለች" ስትል ውላለች። ያገኘችው መጣ። ሥራ የወጣው፣ ገበያ የሄደው፣ በሯን ያላንኳኳችው አልሰማም። የቀብሩ ሰው በሁለት ሚኒባስ አለቀ። በየቀብሩ ላይ እናቴ ከኋላ ተሰልፋ የምትቆጣው ጩኸትና ግፊያ አልነበረም። ሁሉም እንደልቡ ቆመ።

ጎረቤቶቼ ክፉ ናቸው አልልም። መጡ። እንግዳ ሆነው ግን መጡ። ዱሮ እንደ ገዛ ቤታቸው ገብተው ወጥ ቤቱን የሚረከቡት ሴቶች አሁን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው እስክናቀርብላቸው ጠበቁ። እኔ የእናቴን ንፍሮ በገዛ እጄ አቀረብኩ። ሲመሽ አንድ ባንድ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ከእትዬ ብርቄ በቀር አብሮን ያደረ የለም። ጋሽ ዳንጊሶ ሁለቱንም ቀን መጥቶ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ሄደ፤ ባዶ እጁን ምን እንደሚያደርግበት የጠፋው ይመስል ነበር።

ሁለተኛው ቀን ላይ ማህሌት አጠገቤ ተቀመጠችና "ለእማማ ጥሩምባው ለምን አልተነፋም?" አለችኝ።

"አባትሽን ጠይቂው" አልኳት።

ሄዳ ጠየቀችው። ምን እንዳላት አላውቅም። ተመልሳ ግን አልመጣችም፤ በእናቴ አልጋ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሣልስት መልስ፣ የታምራት ስልክ ጮኸ። ማቴዎስ ነው። ታምራት ወደ ጓሮ ሊወጣ ሲነሣ "እዚሁ አናግረው" አልኩት። ማቴዎስ መጀመሪያ አስተዛዘነን። ከዚያ ባለቤቱ ሐዘናችንን ሰምቶ እስከ ነገ እንደሚጠብቀን ነገረን። ከዚያ ደግሞ፣ ሥራው ነውና፣ እንዲህ አለ፤

"አሁንማ ሰው ቀንሰናል፣ ያለው ቤት ይበቃናል ብላችሁ እንዳትተዉት። ይኼ ቤት አይታለፍም።"

ስልኩን ከታምራት እጅ ወሰድኩት። "ማቴዎስ፣ ቤት አንገዛም። የሚሸጥ ቤትም የለንም" አልኩና ዘጋሁት።

ታምራት አየኝ። "በንዴት አትወስኚ። እሳቸው ራሳቸው ሽጡት ብለው የለ?"

"ብላለች። ሁለት ነገር ነው ያለችህ። አንዱን ካላደረግክ ሌላውን አታደርገውም።"

"ልጆቹስ?"

"ልጆቹ ይጠባቸው። ቤቱ የእናቴ ነው፤ የማወርሰውም ለእነሱ ነው። ከዚህ ቤት የምወጣው ጥሩምባ ተነፍቶልኝ ነው።"

ቤቱን የአዲስ አበባው ሰው ገዛው። አሁን ዋጋው ያኔ ከተጠራልን እጥፍ ሆኗል። ታምራት ባለፈ ባገደመ ቁጥር ያነሣዋል፤ "ያን ጊዜ ብንገዛው ኖሮ" እያለ። እውነቱን ነው። በገንዘብ ካያችሁት ከስሬያለሁ፤ ሀዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ከእንግዲህ በእኔ ደሞዝ አይገዛም። ማህሌት ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ድረስ በመጋረጃ በከፈልነው መኝታ ቤት ውስጥ አደገች። በእኔም ላይ ቂም እንዳላት አውቃለሁ። መብቷ ነው።

ቤት ልትገዙ የተነሣችሁ ሰዎች፣ አትግዙ አልላችሁም። ጠቦ መኖር ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ክፍሉን ስትቆጥሩ፣ ሴራሚኩን በጫማችሁ ስታንኳኩ፣ ውኃው በስንት ቀን ይመጣል ስትሉ፣ እናቴ ግቢው ውስጥ ቆማ የጠየቀችውንም ጠይቁ። ጎረቤትዎ ማን ይባላሉ? መልሱ "አላውቃቸውም" ከሆነ የቤቱ ዋጋ ላይ ያልተጨመረ ነገር አለና እወቁ። አሮጊት እናት ያላችሁ ደግሞ መዋጮ ለመቆጠብ ብላችሁ በማንም ስር አታስመዝግቧት። ስሟ ራሱን ችሎ ይጻፍ።

እኔ እድሩ ውስጥ ተመልሼ ገብቻለሁ። ጋሽ ወልዴ "የድሮ አባል ነሽ፣ ኮሚቴው ይቅርታ ያደርግልሻል" ሲለኝ እምቢ ብዬ እንደ አዲስ ገቢ ሙሉውን ከፈልኩ። እሱን ይቅርታ አድርግልኝ የምለው ነገር የለኝም። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ወንዶቹ መሃል እቀመጣለሁ። ጥሩምባ ሲነፋ እንደ እናቴ ከሥራዬ ብድግ ብዬ እወጣለሁ። የጋሽ ወልዴ ወንድም ሲሞትም ወጥቻለሁ፤ ሽንኩርት ልጫለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ለየት አድርጌያለሁ። አባልነቱ በእኔ ስም ነው። ልጆቼ በእኔ ስር ተመዝግበዋል። ታምራትም በእኔ ስር፣ "ቤተሰብ" በሚለው ቦታ፣ እናቴ ተጽፋበት በነበረው መስመር ላይ ተጽፏል። አንድ ጣሪያ ሥር እንኖራለን፤ አንድ ገበታ እንበላለን፤ አንጣላም። በአንዲት ፊርማ ግን ላወጣው እችላለሁ፤ ማንም "ያውቃል ወይ?" ብሎ ቢጠይቀኝ "ያውቃል" እላለሁ፣ አበቃ። አላወጣውም። እንደምችል ግን ያውቃል፤ ጥሩምባ ሲነፋ አንገቱን የሚደፋው ለዚህ ነው።